ኒውዮርክ ስትሄዱ ስላይስ ፒዛ የት ትበላላችሁ?

ከዋሽንግተን ዲሲ በአውቶቡስ ኒውዮርክ ደርሳችሁ ለምትመለሱ ሁሉ ምክሬ አንድ ነው። ሙሉ ፒዛ አዝዛችሁ ቁጭ አትበሉ። ስላይስ፣ ማለትም ተቆርጦ በቁራጭ የሚሸጠውን፣ ግዙና ቆማችሁ ብሉ፤ የከተማው ፒዛ ማለት እሱ ነው።

እዚያው ዲሲ፣ አዳምስ ሞርጋን ሰፈር 18ኛው ጎዳና ላይ ማታ ማታ ጃምቦ ስላይስ የለመዳችሁ ሰዎች መጠኑን አይታችሁ ቅር እንዳይላችሁ። የጃምቦው ነገር ትልቅነቱ ነው። የኒውዮርኩ ነገር ያለው ሊጡ ላይ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ግሪንዊች ቪሌጅ፣ ካርማይን ጎዳና ያለው ጆስ ፒዛ ሂዱ። ከ1975 ጀምሮ ያለ ቤት ነው። የሚታዘዘው ፕሌን ስላይስ ነው፤ ስልስና ቺዝ ብቻ፣ ሌላ ምንም የለውም። በመጨረሻ የሄድኩ ቀን ልጁ ፒዛውን ከምድጃ ሲያወጣው ቺዙ ገና ይንተከተክ ነበር። በወረቀት ሳህን አድርጎ ሰጠኝ። ሁለቱን ዳር በአውራ ጣቴና በመሃል ጣቴ ይዤ፣ አመልካች ጣቴን መሃሉ ላይ ጫን አድርጌ አጠፍኩት። ከሥሩ ቀጭ አለ። ዘይቱ ከጫፉ ሳህኑ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ደህና ስላይስ የምለየው በዚያች ድምፅ ነው፤ ከላይ ለስላሳ፣ ከሥር ግን ቀጭ የሚል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ብዙ ቤት መስታወት ውስጥ የተደረደረውን ነው አሙቆ የሚሰጣችሁ። ይሄ ነውር የለውም፣ ወጉ ነው። ግን ረጅም ሰዓት የቆየ ከሆነ አለቀለት። አንዴ ታይምስ ስኩዌር አካባቢ የገዛሁት ዳሩ እንደ ድርቆሽ ደርቆ ነበር። ስለዚህ ገዢ የሚበዛበት ቤት ምረጡ፣ አሁን የወጣው የትኛው እንደሆነም ጠይቁ።

ጊዜ ካላችሁ ኢስት ሃርለም ያለው ፓትሲስ አለላችሁ። በ1933 የተከፈተ፣ በድንጋይ ከሰል ምድጃ የሚጋግር ቤት ነው። ቂጣው ስስ ነው፣ ጠቆር ጠቆር ይላል። እኔ ከጆስ አስበልጠዋለሁ፤ መንገዱ ግን ይርቃል። ልጆች ከያዛችሁ ብሩክሊን፣ ግሬቭዘንድ ያለው ኤል ኤንድ ቢ ስፑሞኒ ጋርደንስ ይሻላችኋል። ፒዛው አራት ማዕዘን ነው፣ ወፍራም፤ ቺዙ ከታች፣ ስልሱ ከላይ። አይስክሬምም አለ። ብሊከር ጎዳና ያለው ጆንስ ስሙ የገነነ ቢሆንም ስላይስ አይሸጥም፤ ለስላይስ ብላችሁ አትልፉ።

ፔፐሮኒ በብዛት የአሳማ ሥጋ አለበት፤ የማትበሉ ሰዎች ተጠንቀቁ። ጠረጴዛው ላይ ያለው የተፈጨ ቀይ በርበሬ ግን ሚጥሚጣ አይደለም፣ ሳትፈሩ ነስንሱበት።

ጾም ከሆነ ማሪናራ በሉ። ቺዝ የለውም፤ ስልስ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ነው። ሁሉም ቤት ስለማይገኝ አስቀድማችሁ ጠይቁ። እናቴ በዓቢይ ጾም መጥታ አንድ ስላይስ አቀመስኳት። የእግረኛ መንገዱ ላይ ቆማ ነጠላዋን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ በላችና፣ «ሌላ አንድ ጨምርልኝ» አለችኝ።