የመቋሚያው ራስ ከናሱ ለቀቀብኝ፤ በምን ላጣብቀው?

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦
እንደምን ሰነበታችሁ? በቶርኖ የወይራ መቋሚያ እሠራለሁ። ዘንጉ ጫፍ ላይ የናስ ቀለበት አስገብቼ፣ በላዩ ከበሬ ቀንድ የተቀረጸ ራስ እገጥማለሁ። ሁሉንም ያጣበቅሁት በሱፐር ግሉ ነው። አንድ መሪጌታ ለጥምቀት ገዝተውኝ በሳምንቱ ራሱን በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው አመጡልኝ፤ ማኅሌት ላይ ወልቆ ከበሮው ሥር ተንከባልሏል። አንድም ቃል አልተናገሩኝም፤ እሱ ነው የከፋኝ። ባለሱቁ አሁን «ነጭ ኮላ ይሻልሃል» ይለኛል። እውነት ነው?

መልስ (ከባሕር ዳር)፦
አይ ወንድሜ፣ ኮላ እንጨትን ከእንጨት ለማጣበቅ ነው። የሚደርቀው እንጨቱ ውኃውን ሲጠጣለት ነው፤ ናስ ምን ይጠጣል? ሱፐር ግሉም ቶሎ ይያዝ እንጂ ከደረቀ በኋላ ተሰባሪ ነው፤ መቋሚያው መሬት በመታ ቁጥር ይሰነጠቃል። ሁለት ክፍሎቹ ተቀላቅለው የሚሠራውን፣ ኤፖክሲ የተባለውን ማጣበቂያ ግዛ፤ በ5 ደቂቃ የሚይዘውን ሳይሆን 24 ሰዓት የሚፈልገውን። ለመሆኑ ሲለቅ ማጣበቂያው የቀረው የት ላይ ነው?

ጠያቂው፦
ቀንዱ ላይ እንደ ጥፍር ተለጥፎ ቀርቷል። ናሱ ግን መስታወት ነው፤ ፊቴን ያሳየኛል።

መልስ (ከባሕር ዳር)፦
እንግዲያው ጥፋቱ የማጣበቂያው ብቻ አይደለም። የሚጣበቀውን ፊት ምን አስወለወለህ? በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ፋቀው፣ በአሴቶን ጥረገው፣ ከዚያ በኋላ በጣትህ አትንካው። ወይራም ቅባት ስላለው እሱንም ጥረገው። ስትገጥም ደግሞ ኤፖክሲው ተጨምቆ እስኪያልቅ አትጫነው።

መልስ (ከእንጅባራ)፦
የተባለው ልክ ነው፤ እኔ ግን ለሚመታ ዕቃ ማጣበቂያን ብቻውን አላምነውም። ዘንጉንም ቀንዱንም ብሳህ በመካከላቸው ጥርስ ያለው ቀጭን ብረት በኤፖክሲ አስገባ፤ ምቱን ብረቱ ይችለዋል። ቀንዱ ከድፍኑ ጫፍ ይሁን። ብርድ አገር ስለሆንን እኔ ሁለት ቀን ሳልነካው አቆየዋለሁ። ቶርኖ ላይ መልሰህ ናሱን ስትወለውልም እያቆምህ ዳብሰው፤ ከጋለ ኤፖክሲው ይለሰልሳል።

ወይራው ግን ደርቋል? እርጥብ ከሆነ እንጨቱ ይኮማተራል፣ ናሱ አይከተለውም፤ ቀለበቱም ይላላል። በየሳምንቱ መዝነው፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል።

ጠያቂው፦
ይህን ሳነብ ደነገጥሁ፤ የተቆረጠው ገና በኅዳር ነው። ጣሪያ ሥር ሦስት ዓመት የቆየ ዘንግ አለኝ፤ የመሪጌታውን ከእሱ አወጣለሁ።