የሮተሪ ሞተር አውሮፕላኔ ነዳጅ በዛበት፤ የሞተሩ ጠባይ ነው ወይስ የአሠራሬ ችግር?

ሁለት ሮተር (ጠያቂ)

ሰላም ወዳጆች። በእጄ የሠራሁትን ባለ ሁለት መቀመጫ አር ቪ 7 እያበረርኩ ነው። ሞተሩ ከመኪና የወጣ ማዝዳ 13ቢ ነው፤ ሮተሪ ማለትም በፒስተን ፋንታ ባለ ሦስት ማዕዘን ሮተሮች የሚዞሩበት። ተርቦ የለውም። የፍጥነት መቀነሻ ማርሹ 2.17 ለ1 ሲሆን ፕሮፔለሩ አንግሉ የማይቀየር ነው።

በ7,500 ጫማ ላይ ሞተሩ በደቂቃ 5,600 ጊዜ ሲዞር፣ እውነተኛ የአየር ፍጥነቴ 155 ኖት (በሰዓት 155 የባሕር ማይል) አካባቢ ነው። የነዳጅ መለኪያዬ ግን በሰዓት 44 ሊትር ያሳያል። ተመሳሳይ አውሮፕላን ያለው ወዳጄ 180 ፈረስ ጉልበት ያለው ላይካሚንግ የተባለ የአውሮፕላን ፒስተን ሞተር ነው የገጠመው። በዚያው ከፍታ 160 ኖት ይሄዳል፤ የሚያቃጥለው 31 ሊትር ነው።

የ13 ሊትር ልዩነት በጣም ከበደኝ። ሮተሪ ነዳጅ ይወዳል ሲባል እሰማለሁ፤ ግን ይህን ያህል? ማርሹን ወደ 2.85 ብቀይር ይሻለኝ ይሆን? ለጫፍ ሲሎች (የሮተሩን ጫፎች ለሚያሽጉት ቁራጮች) ብዬ ነዳጁ ውስጥ የምጨምረውን የባለ ሁለት ምት ዘይትስ ብቀንስ?

ሚዛን

ወንድሜ፣ ምንም ነገር ከመቀየርህ በፊት 44 የሚለው ቁጥር እውነት መሆኑን አረጋግጥ። ሞተርህ በኢንጀክተር ነው አይደል? ትርፍ ነዳጅ ወደ ታንክ የሚመልስ ቱቦ አለው?

ሁለት ሮተር

አዎ አለው። ለዚያ ብዬ ሁለት የፍሰት ሴንሰር አስገብቻለሁ፤ አንዱ በመሄጃው፣ አንዱ በመመለሻው። ስክሪኑ የመመለሻውን ከመሄጃው ቀንሶ ነው የሚያሳየኝ።

ሚዛን

እንግዲያው የመጀመሪያው ተጠርጣሪ እሱ ነው። ፓምፑ በሰዓት 140 ሊትር ቢገፋና 96ቱ ቢመለስ፣ ስክሪኑ 44 ይልሃል። አሁን እያንዳንዱ ሴንሰር በመቶ 3 ብቻ ቢሳሳትስ? በመሄጃው 4 ሊትር፣ በመመለሻው 3 ሊትር ማለት ነው። ስህተቶቹ በተቃራኒ አቅጣጫ ከሆኑ 7 ሊትር ጠፋብህ። ሁለት ትልልቅ ቁጥሮች ተቀናንሰው ትንሽ ቁጥር ሲወጣ ሁሌም እንዲህ ነው። የመመለሻው ነዳጅ ደግሞ ትኩስ ነው፤ አረፋ ካለው ሴንሰሩ ያንኑ አረፋ እንደ ነዳጅ ይቆጥረዋል።

ስለዚህ በታንክ ለካ። አውሮፕላኑን ሁሌ አንድ ደልዳላ ቦታ ላይ አቁመህ እስከ አንድ ምልክት ድረስ ሙላ። ተነስተህ ጉዞ ከፍታ ላይ ስትደርስ ወደ ሌላኛው ታንክ ቀይር። ሁለት ሰዓት ሙሉ በአንድ ሞተር ዙር ከዚያ ታንክ ብቻ ብረር፤ ከዚያ ወደ መጀመሪያው ታንክ ተመለስ። መመለሻው ነዳጁን ወደ መጣበት ታንክ እንደሚመልስ ግን አስቀድመህ አረጋግጥ። ካረፍክ በኋላ ያንን ታንክ እስከ ምልክቱ ስትሞላ የገባው ሊትር ለሁለት ሲካፈል እውነተኛው የሰዓት ፍጆታህ ነው።

ፍጥነቱንም እንዲሁ። በአንድ ከፍታ ወደ ሰሜን፣ ምሥራቅ፣ ደቡብና ምዕራብ እየዞርክ የጂፒኤሱን የምድር ፍጥነት ጻፍ። አራቱን ደምረህ ለአራት አካፍል። ነፋሱ ኃይለኛ ካልሆነ በቂ ነው።

ዘይቱን ግን እንዳትነካው! የሮተሩ ጫፍ ሲል ቅባት የሚያገኘው ከእሱ ነው። ብትቀንሰው የምታተርፈው የነዳጅ ጠብታ የለም፤ ሞተሩን ነው የምታጣው።

የጋራዥ ልጅ

ሚዛን ያለው ትክክል ነው። እኔ ስለ ሞተሩ ልጨምር።

13ቢ ወረቀት ላይ 1.3 ሊትር ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል 654 ሲሲ፣ ሁለት ሮተር። ነገር ግን እያንዳንዱ ሮተር ዘንጉ አንዴ በዞረ ቁጥር አንዴ ያቃጥላል። ባለ አራት ምት ፒስተን በሁለት ዙር ነው አንዴ የሚያቃጥለው። ስለዚህ አየር የሚስበው እንደ 2.6 ሊትር ሞተር ነው። «በ1.3 ሊትር ይህን ያህል ይጠጣል» የሚለው ክስ ፍትሐዊ አይደለም።

ሆኖም ጠባይ አለው። የሚቃጠልበት ክፍል ረጅምና ቀጭን ነው፤ ከሮተሩ ጋር እየተጓዘ ቅርጹ ይቀያየራል። እሳቱ የሚነካው ብረት ብዙ ስለሆነ ሙቀት ይበላበታል። በክፍሉ የኋላ ጥግ ያለው ድብልቅም ሙሉ በሙሉ ሳይቃጠል ይወጣል። ለእያንዳንዱ ሮተር ሁለት ካንዴላ የተሰጠው ይህን ለመርዳት ነው። የጭሱ ሙቀት ከ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለፉም አያስደንቅም፤ ጉልበት መሆን የነበረበት ሙቀት በማርሚታው ይወጣል።

በቁጥር እንየው። በደንብ የሳሳ ድብልቅ (ለአየሩ መጠን ነዳጁ ያነሰ) ያለው ላይካሚንግ ለአንድ ፈረስ ጉልበት በሰዓት 195 ግራም ያህል ነዳጅ ይፈልጋል። በጥሩ ሁኔታ የተስተካከለ 13ቢ 235 ግራም አካባቢ ነው። ነዳጅ የበዛበት 13ቢ ግን 275 ይደርሳል። በ110 ፈረስ ጉልበት ብትጓዝ፣ በቤንዚን ሲሰላ 30፣ 36 እና 42 ሊትር ማለት ነው። ከ42 ወደ 36 የሚያወርድህ ድብልቁ ብቻ ነው።

የሞተሩ ኮምፒውተር ላይ ለጉዞ የምትጠቀመው የነዳጅ ሰንጠረዥ መሬት ላይ ለመነሻ ካስተካከልከው የተወሰደ ነው? ብዙዎቻችን እዚያ ነው የምንሳሳተው። ለመነሻ አንድ ኪሎ ነዳጅ ለ12 ኪሎ አየር ደህና ነው። ለጉዞ ከ15 እስከ 16 ኪሎ አየር ድረስ ሂድ። ጉዞ ከፍታ ላይ ሆነህ ቀስ እያልክ አሳሳ። የጭሱ ሙቀት ይወጣል፣ ጫፍ ይነካል፣ ከዚያ መውረድ ይጀምራል። ከጫፉ ትንሽ ወዲያ፣ ሞተሩ መንገጫገጭ ከመጀመሩ በፊት፣ እዚያ ተወው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ሙሉ ጉልበት ላይ ሆነህ ዝቅተኛ ከፍታ ላይ በፍጹም እንዳታሳሳ። ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜም ያለ ልክ ወደ ፊት አትግፋ። ሮተሪ ያለጊዜው ፍንዳታን ከብዙ ሞተር በተሻለ ይቋቋማል፤ አንዴ ከጀመረው ግን የጫፍ ሲል ይሰበራል። ሌላው፣ የኦክስጅን ሴንሰር ካለህና እርሳስ ያለበት የአቪዬሽን ቤንዚን ከተጠቀምክ ሴንሰሩ ቶሎ ይበላሻል። የተበላሸ ሴንሰር የሚልህን አምነህ አታሳሳ።

ነጭ ክንፍ

ወዳጅህ ስለሚበልጥህ 5 ኖት ማንም አላነሳም። ለእኔ ዋናው ነገር እሱ ነው።

በዚህ ፍጥነት የሚያስፈልግህ ጉልበት ከፍጥነቱ ኩብ ጋር አብሮ ይሄዳል። ከ155 ወደ 160 ለመድረስ በመቶ 10 ያህል ተጨማሪ ጉልበት ይጠይቃል። የአንተና የወዳጅህ አካል አንድ ዓይነት ነው። እኩል ጉልበት ካላችሁ ያ በመቶ 10 የት ገባ? እኔ ብሆን መጀመሪያ የምፈልገው ኮፈኑ ውስጥ ነው።

ላይካሚንግ በአየር ይቀዘቅዛል። የአንተ ግን የውሃም የዘይትም ራዲያተር አለው፤ ዘይቱ ደግሞ የማቀዝቀዣውን ሥራ ሲሶ ያህል ይሸከማል። ራዲያተር በአግባቡ ካልተሸፈነ አየር በዙሪያው ይሾልካል። ያ አየር ምንም ሳያቀዘቅዝ ፍጥነትህን ብቻ ይበላል። የሾለከው ሲበዛ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ሰው የአየር መግቢያውን ያሰፋል፣ ጉተታው ይብሳል። እኔ ራሴ ስምንት ወር በዚህ ክብ ውስጥ ዞሬያለሁ። መግቢያውን ሦስት ጊዜ አስፍቼ መጨረሻ ላይ መልሼ አጠበብኩት።

እንዲህ አድርግ። ማታ ጨለማ ውስጥ በመግቢያው በኩል አምፖል አስገብተህ አብራ። ከኋላ ሆነህ ተመልከት። ብርሃን በራዲያተሩ ክንፎች መካከል ብቻ መታየት አለበት። በጠርዝ በኩል የሚታይ ብርሃን ሁሉ የሚሾልክ አየር ነው። ሙቀት በሚችል ሲሊኮንና ጎማ ድፈነው። ቱቦው ከመግቢያው እስከ ራዲያተሩ ቀስ እያለ ይስፋ፤ በድንገት የሚሰፋ ከሆነ አየሩ ይረበሻል።

የአየር መውጫውን ደግሞ አትርሳ። ወደ ከፍታ ስትወጣ የሚበቃው መውጫ ለጉዞ ከልክ በላይ ሰፊ ነው። ከውስጥ ሆነህ የምትከፍተውና የምትዘጋው በር ብትሠራለት ልዩነቱን ታየዋለህ።

የድሮ አብራሪ

ልጄ፣ ማርሹን ተወው። በ2.17 ፕሮፔለርህ በደቂቃ 2,580 ያህል ይዞራል፤ ለጉዞ ጥሩ ነው። 2.85 ብታስገባ በዚያው የሞተር ዙር 1,965 ይሆናል፤ ሌላ ትልቅ ፕሮፔለር መግዛትህ አይቀርም። እሱ የሚጠቅመው ለመነሳትና ለመውጣት ነው፤ ሞተሩ ከ7,000 በላይ ሲዞር ፕሮፔለሩ አይጮህም። ለነዳጅ ብለህ የምታወጣው ወጪ ግን አይደለም። 5,600 ሲባልም አትደንግጥ። ሮተሩ ራሱ የሚዞረው የዘንጉን ሲሶ ነው፣ 1,870 ያህል።

ገንዘብ የማይጠይቅህን ልንገርህ። 155ቱን ወደ 145 አውርድ። ጉልበቱ በመቶ 18 ገደማ ይቀንሳል። 300 የባሕር ማይል ብትሄድ የምትዘገየው 8 ደቂቃ ነው፤ የምታተርፈው ደግሞ ቢያንስ 8 ሊትር። ካርሰን የተባለ የአሜሪካ ባሕር ኃይል አካዳሚ መምህር ይህን በደንብ አስልቶታል። ሞተር ጠፍቶ ሩቅ በሚያደርስህ ፍጥነት ላይ 1.32 ስታበዛ፣ ፍጥነትና ነዳጅ በደንብ የሚታረቁበት ቦታ ይገኛል። ያ ፍጥነት በመለኪያው ላይ 90 ኖት ቢሆን 119 ይሆናል፤ በ7,500 ጫማ እውነተኛው ፍጥነት 133 ነው። እዚያ ድረስ ውረድ አልልህም፤ ግን ወዴት መሄድ እንዳለብህ ያሳይሃል።

ስሮትሉን ሙሉ በሙሉ ከፍተህ ከፍታ ጨምር። በግማሽ በተዘጋ ስሮትል መብረር ሞተሩ አየር ለመሳብ እንዲታገል ማድረግ ነው። በ9,500 ወይም በ10,500 ጫማ ላይ ከፍተህ ብትበር፣ ጉልበቱ በከፍታው ራሱ ይቀንሳል።

ሁለት ሮተር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሦስት ሳምንት ሠራሁበትና ውጤቱን ይዤ መጣሁ።

በታንክ ስለካ እውነተኛው ፍጆታ 40 ሊትር ነው የወጣው። ሴንሰሮቹ 4 ሊትር ጨምረው ነበር። ከዚያ ድብልቁን አሳሳሁ፤ ለአንድ ኪሎ ነዳጅ 13 ኪሎ አየር ላይ ነበር የምበረው። አሁን 15.5 ነው፤ በዚያው 155 ኖት 36 ሊትር። የአምፖሉን ነገር ሳደርግ ደግሞ በዘይት ራዲያተሩ አንድ ጎን ሙሉ ብርሃን ታየ! ደፈንኩት። ፍጥነቱ 158 ሆነ፤ ዘይቱም 6 ዲግሪ ቀዘቀዘ።

ጋሼ፣ የቀረውስ ልዩነት የሞተሩ ነው?

የድሮ አብራሪ

አስላው። ወዳጅህ ወደ 158 ቢወርድ 30 ሊትር ያህል ያቃጥላል። አንተ 36። በመቶ 20 ነው፤ የጋራዥ ልጅ ከሰጠህ 235 እና 195 ጋር ይገጥማል። ይህ የሞተሩ ድርሻ ነው። የመኪና ቤንዚን ያለ ችግር መጠቀሙ ከዚያው ላይ ይታሰብልሃል፤ የነዳጅ ቱቦዎቹን ብቻ ከጭስ ማውጫው ሙቀት አርቃቸው፣ ቤንዚኑ እንዳይተን።

ሁለት ሮተር

ቱቦዎቹን ነገ አያለሁ። የመውጫውን በር በሚቀጥለው ወር እሠራለሁ። እስከዚያ ግን የጉዞ እቅዴን በ36 ሳይሆን በ40 ነው የማሰላው፣ የ45 ደቂቃ መጠባበቂያም ከዚያ በላይ።