ጎርጎራ በድንኳን ለማደር፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው ሐሳብ

ጸሐፊ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የማኅበራችን አባላት። ባለፈው ስብሰባ የተነሳው የጣና ዳር ጉዞ በወሬ እንዳይቀር ረቂቁን ጽፌዋለሁ፤ ያልጣማችሁን ሰርዙ፣ የጎደለውን ጨምሩበት። ቦታው ጎርጎራ፣ ጊዜው ጥምቀት አልፎ ተማሪዎች ለሴሚስተር እረፍት ሲለቀቁ፣ ቆይታው ሁለት ሌሊት። እስካሁን የተመዘገቡት 11 ቤተሰቦች ናቸው፤ ልጆቹ ብቻ 26። ለማደሪያ የእድራችንን ሁለት ትልልቅ ድንኳኖች ብንዋስ የኪራይ ወጪ ይቀርልናል ብዬ አስቤያለሁ። ከውኃው ጠርዝ ላይ ብንተክላቸው ደግሞ ልጆቹ ጠዋት ሲነሱ ጣናን ፊት ለፊት ያዩታል።

የእድሩ ዳኛ፦ ልጄ፣ ሐሳብሽ መልካም ነው። ጎንደር ተወልዶ ጣናን ሳያይ የሚያድግ ልጅ ያሳዝነኛል። የድንኳኑን ነገር ግን ተይው። ሞት ቀጠሮ የለውም። እናንተ ዓርብ ይዛችሁት ሄዳችሁ ቅዳሜ ከመካከላችን አንድ ሰው ቢያርፍ፣ ለቀስተኛ ፀሐይ ላይ ሊቀመጥ ነው? ለዚያ ቀን ብለን ከየቤታችን አዋጥተን የገዛነው ነው። ደግሞም ዙሪያው ክፍት ነው፤ ሰው ይቀመጥበታል እንጅ አይታደርበትም።

ነርሷ (ከማራኪ ሰፈር)፦ ጋሼ ያሉት በጤናም በኩል ልክ ነው። ጎርጎራ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ወባ አለ። ትንኟ የምትነክሰው ከመሸ በኋላ ስለሆነ ዙሪያው ክፍት የሆነ ድንኳን ውስጥ ሕፃን ማስተኛት አይቻልም። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ዚፕ ያለው ትንሽ ድንኳን፣ ካልተገኘም አጎበር የግድ ነው። ከተመለስን በኋላ ባሉት ሳምንታት ልጅ ካተኮሰው ጉንፋን ነው ብላችሁ አትቀመጡ፤ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ ጎርጎራ እንዳደረ ንገሩ።

ሁለተኛው ብልሃርዝያ ነው፤ እዚህ ላይ አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ተውሳኩ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ውኃ ውስጥ ይዋኛል፤ ሰው እግሩን ሲነክር በቆዳ በኩል ይገባል፤ ደቂቃዎች ይበቁታል። ልጆች የሚወዱት ጥልቀት የሌለው፣ ሣርና ቄጠማ ያለበት ዳርቻ ደግሞ የቀንድ አውጣው ቤት ነው። «እግሬን ብቻ ነው የነከርኩት» የሚባል ነገር የለም። ለመታጠቢያ የሚቀዳው ይፈላ ወይም ተቀድቶ ሁለት ቀን ይቀመጥ፤ ለመጠጥ ከጎንደር እንጫን። የገባ ልጅ ካለ አትቆጡት፣ ለእኔ ንገሩኝ። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ሰገራው ይመረመራል፤ ከተገኘበት ፕራዚኳንተል የሚባል መድኃኒት አለው።

የጯሂት ተወላጅ አባል፦ እህቴ፣ «ከውኃው ጠርዝ» የሚለውን አጥፊው። እኔ ያንን ስህተት ሠርቼዋለሁ። ከዓመታት በፊት ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ከውኃው ሃያ እርምጃ በማይሞላ ቦታ አደርን። ሣሩ በአንድ በኩል ተኝቶ እንደ ቦይ ጎድጎድ ያለ መንገድ ነበረው፤ ከብት የሄደበት መስሎኝ ለድንኳኑ ተመቸኝ ብዬ አጠገቡ ካስማ መታሁ። ሌሊት ሣር ሲነጭ ሰማሁ፤ አሁንም ከብት ነው አልኩ። ሲነጋ ባለቤቴ ቡና ልታፈላ ወጥታ ጠራችኝ። በእኛና በውኃው መካከል፣ እርጥቡ ጭቃ ላይ፣ አራት ጣት ያለው ሰሐን የሚያህል ኮቴ። ጉማሬ ነበር። ልጄ በሌሊት ለሽንት ብቻዋን ወጥታ ቢሆንስ? እስከ ዛሬ ሳስበው ይዘገንነኛል።

ጉማሬ ቀን ውኃ ውስጥ ይውላል፣ ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣል፣ በለመደው መንገድ ይመለሳል። በእሱና በውኃው መካከል የቆመ ሰው ነው የሚጎዳው። ስለዚህ ድንኳን ከመትከላችን በፊት ዓሣ አስጋሪዎቹን «መውጫው የት ነው?» ብለን እንጠይቅ፤ በዓይናቸው ያውቁታል። ቦታችን ከዳር ራቅ ያለ፣ ከፍ ያለ፣ አጥር ያለው ግቢ ይሁን። አባወራዎች ሁለት ሁለት እየሆንን በተራ እንጠብቅ። የመጀመሪያውን ሌሊት እኔ ልያዝ።

ሹፌሩ (አዘዞ)፦ መንገዱ በቆላ ድባና በጯሂት አድርጎ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለዚህ ሁሉ ሰው አንድ ቅጥቅጥና አንድ ሚኒባስ ይበቃል። ጠዋት ተነስተን ከቀትር በፊት እንግባ፤ ስንመለስም በቀን። የፀጥታውን ነገር ግን በግምት አንሂድ። ሁለት ቀን ሲቀረን መስመሩ ላይ የሚሠሩትን ሹፌሮችና የአካባቢውን አስተዳደር እጠይቃለሁ። ከሁለቱ አንዱ ካመነታ ጉዞው ይራዘም፤ ማንም አይከፋው።

እናት (ቀሃ)፦ እኔ የምለው ስለ ምግብ ነው። ወቅቱ የፍስክ ስለሆነ ከረቡዕና ዓርብ ውጭ ችግር የለም። ቀረሶና አምባዛ እዚያው ትኩስ ይገኛል፤ ዳቦ ቆሎ፣ በሶና ድርቆሽ ከቤት እንያዝ። የደንቢያ ሽምብራም እሸቱ ከደረሰ ልጆቹ እየጠበሱ ይብሉ። ማገዶ ግን ከዳሩ እንዳይቆረጥ፤ ከሰል ይዘን እንሂድ። ሌላው መጸዳጃ ነው። 11 ቤተሰብ ሜዳ ላይ ሊወጣ ነው? ግቢ የምንከራይ ከሆነ መጸዳጃ ያለው ይሁን፤ ይህ ሳይረጋገጥ እኔ ሴት ልጆቼን ይዤ አልሄድም።

መምህሩ (አራዳ)፦ እትዬ ያሉትን እደግፋለሁ። ለቀኑ ጊዜ ደብረ ሲና ማርያምን እናስይዝ፤ ልጆቹ የግድግዳ ሥዕሎቹን ይዩ። ለጀልባ ስናስብ ደሴቶቹ ላይ ካሉት ገዳማት ብዙዎቹ ሴት እንደማያስገቡ አንርሳ፤ እናትና ሴት ልጅ ጀልባ ላይ ቀርተው አባትና ወንድ ልጅ የሚገቡበት ጉዞ የቤተሰብ ጉዞ አይሆንም። ከዚያ ይልቅ ታንኳ ከደንገል እንዴት እንደሚታሰር የሚያሳያቸው ሰው ብናገኝ ይሻላል። እምቦጩንም ይዩት። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ሰፍቶ ዓሣ አስጋሪውን ያስቸገረው አረም በዓይናቸው ሲያዩት ይገባቸዋል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበ የብዝኃ ሕይወት ቀጠና ነው፤ የያዝነውን ላስቲክ ሁሉ ይዘነው እንመለስ።

ጸሐፊ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ረቂቁን እንዲህ አስተካክያለሁ፦ «ማኅበሩ ለ11 ቤተሰቦች ጎርጎራ ላይ መጸዳጃና አጥር ያለው፣ ከውኃው የራቀ ግቢ ይከራያል። እያንዳንዱ ቤተሰብ የሚዘጋ ድንኳን ወይም አጎበር ይይዛል፤ የእድሩ ድንኳን አይነካም። ልጆች ሐይቁ ውስጥ አይገቡም። ከመሸ በኋላ ማንም ብቻውን ከግቢ አይወጣም፤ ጥበቃው በተራ ነው። ሹፌሩና የጯሂቱ ወንድማችን አስቀድመው ሄደው ግቢውን ያያሉ፤ እነሱ ካልወደዱት ቅድሚያ ክፍያ አይከፈልም።» የዋጋው መስመር ክፍት ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ግቢው ሳይታይ ዋጋ አልጽፍም። የድንኳን ኪራይ ግን ለሁሉም እኩል ይከፋፈል ካልን ሕፃናት ላሏቸው ይከብዳል። ድንኳን ያለው ያውስ፤ የጎደለውን ብቻ ከማኅበሩ ተቀማጭ እንከራይ።

የእድሩ ዳኛ፦ ድንኳኑን ብከለክላችሁም ባዶ እጃችሁን አልሰዳችሁም። ከእድሩ ዕቃ ቤት አራቱን ትልልቅ ጀሪካኖች፣ ሁለት ብረት ድስትና ምንጣፎቹን ውሰዱ፤ እነሱ ለሁለት ቀን ቢጎድሉ ከጎረቤት እድር እንዋሳለን። ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው፤ ሐሙስ ከቅዳሴ በኋላ ኑና ቆጥራችሁ ፈርሙ።

የጯሂት ተወላጅ አባል፦ ሐሙስ እኔ እመጣለሁ፣ ጋሼ።