ከቴምብር ጎን ምን ትሰበስባላችሁ? የት እንደሚገኝና በምን እንደሚቀመጥ የእኔ ጥቆማ

ቴምብር መሰብሰብ ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሰሞኑን አንድ ጀማሪ ወንድማችን «ከዋናው ስብስባችሁ ሌላ ምን ትይዛላችሁ? የትስ ትገዛላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። መልሴ ስለረዘመ ለብቻው አቀረብኩት።

ጎን ለጎን የምትይዙት ነገር ከዋናው የተወለደ ቢሆን ደስ ይለኛል። እኔን ከቴምብር ወደ ፖስታ ያሻገረኝ አንድ ጥፋት ነው። አክስቴ ከድሬዳዋ ለእናቴ የላከቻቸውን ደብዳቤዎች ካርቶን ውስጥ አገኘሁ። ቴምብሮቹን ለማላቀቅ የፖስታዎቹን ጥግ በመቀስ ቆርጬ ለብ ያለ ውሃ ባለበት ሳህን ነከርኩ። ቴምብሮቹ ንጹሕ ሆነው ወጡ። ማኅተሙ ግን ለሁለት ተከፈለ፤ የከተማው ስም «ድሬ» ላይ ተቋረጠ፣ ቀኑም ውሃ ውስጥ ደበዘዘ። የእናቴ ስም በአክስቴ እጅ የተጻፈበትን ቀሪ ወረቀት ጣልኩት። እነዚያን ቴምብሮች ዛሬም በየሱቁ አገኛቸዋለሁ፤ ያ ፖስታ ግን የለም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥቆማዬ ሙሉ ፖስታ ነው። የተላቀቀ ቴምብር የማይነግራችሁን ይነግራችኋል። ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ቴምብሮች ፓሪስ አሳትመው ያወጡት በ1887 ዓ.ም. ነው፤ አገራችን የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው ግን በ1901 ዓ.ም. ነው። በመሀል ባሉት ዓመታት የእኛ ቴምብር ብቻውን ደብዳቤን ባሕር አያሻግርም ነበር። በዚያ ዘመን ወደ አውሮፓ የሄደ ፖስታ ላይ የምኒልክ ቴምብርና በጅቡቲ በኩል የፈረንሳዮቹ ቴምብር አብረው ተለጥፈው የሚታዩት ለዚህ ነው። ይህ ታሪክ ያለው ፖስታው ላይ ነው።

የት ይገኛል? አዲስ እትምና የመጀመሪያ ቀን ፖስታ (ቴምብሩ በወጣበት ዕለት ማኅተም የተመታበት) ከፈለጋችሁ ቸርችል ጎዳና ዋናው ፖስታ ቤት ሂዱ፤ በላዩ ላይ በተጻፈው ዋጋ ነው የምትገዙት። አጠገቡ ያለውን የፖስታ ሙዚየም ሳታዩ አትመለሱ፤ እውነተኛውን አንዴ በዓይኑ ያየ ሰው በቀላሉ አይታለልም። ዝቅ ብለው ያሉት የስጦታ ዕቃ መደብሮች ምቹ ናቸው፣ ዕቃው ተደርድሮ ይጠብቃችኋል። ዋጋቸው ግን ለቱሪስት የተቆረጠ ነው፤ ከመሀሉ ተመሳስሎ የተሠራም አይጠፋም። ለወረቀት ነገር እኔ የምመርጠው መርካቶ ያለውን የአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ ምናለሽ ተራን ነው። ጠዋት መሄድ፣ አቧራውን መቻል፣ ከሁሉ በላይ አለመቸኮል ይጠይቃል። ከዚያም የሚበልጠው የሰፈራችሁ ቁራሌው ነው። እኔ የሰፈሬን ልጅ «አሮጌ ፖስታ፣ ደረሰኝ፣ ፎቶ ካገኘህ ከመሸጥህ በፊት አሳየኝ» አልኩት። በሳምንቱ ከአንድ ግቢ የወጣ ሙሉ ከረጢት ይዞልኝ መጣ። በኪሎ ከሚያገኘው ጨምሬ ሰጠሁት፤ ሁለታችንም ደስ አለን።

የቴሌግራም ቡድኖችም አሉ። እዚያ የሻጩን የቆየ ታሪክ ሳታጣሩ ገንዘብ አትላኩ፤ በአካል ተገናኝቶ መረከብን የመሰለ የለም።

ወደ ሳንቲም ስንመጣ ብዙ ሰው የሚጀምረው በማርትሬዛ፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ምስል ባለበት ጠገራ ብር ነው። ጠገራው ላይ ያለው ዓመት ሁልጊዜ 1780 ነው፤ ቪየናም ሮምም ለንደንም ቦምቤይም ሲያትሙት ዓመቱን አልቀየሩም። ስለዚህ «የ1780 ነው» ብሎ ዋጋ የሚቆልልባችሁን አትስሙ። ትክክለኛው 28 ግራም ግድም ይመዝናል። እኔ ጠገራ ስገዛ ከሻጩ ጋር ወደ ወርቅ ሠሪ ነው የምሄደው። አንድ ጊዜ አንጥረኛው ሚዛኑ ላይ አስቀመጠው፣ 24 ላይ ቆመ። ምንም ሳይናገር አነሳና ጠርዙን በጥፍሩ እያሻሸ አዞረው። በእውነተኛው ጠርዝ ዙሪያ ጽሑፍ በጉልህ ተቀርጿል፤ የዚያኛው ጠርዝ እንደ ሳሙና ልሙጥ ነበር። በንግሥቲቱ ትከሻ ጌጥ ዙሪያ ያሉት ዕንቁዎችም አንድ በአንድ መቆጠር አለባቸው፤ ተያይዘው ከደበዘዙ ተጠራጠሩ። ወርቅ ሠሪ ለዚህ የሚጠይቀው ቢጠይቅ የሻይ ነው፤ ከስጦታ ዕቃ ሻጭ ምስክርነት በብዙ ይሻላል።

በአነስተኛ ገንዘብ መጀመር የሚፈልግ ግን ስሙኒ ይያዝ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ለመገበያያ የወጡት የጃንሆይ ሳንቲሞች 1936 ዓ.ም. ይላሉ፤ ለዓመታት ሲታተሙም ይህ ቁጥር አልተቀየረም። ታዲያ የመጀመሪያው ስሙኒ ክብ ነበር። መጠኑ ከብር ማዕድን ከተሠራው ሽልንግ (ሃምሳ ሳንቲም) ጋር ስለተቀራረበ እየተምታታ አስቸገረ፤ በኋላ ጠርዙ እንደ አበባ ተከረከመ። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ራሱን የቻለ ትንሽ ስብስብ ነው። ክቡን ማግኘት ትዕግሥት ይጠይቃል። እባካችሁ፣ ሳንቲም በሎሚና በአመድ አትፈትጉ! ሻጮች እንዲያብረቀርቅ ብለው ያደርጉታል፤ ዕድሜው የሰጠው ቀለም አንዴ ከተፋቀ አይመለስም።

የወረቀት ብር ላይ አንድ ነገር ብቻ፦ ላሚኔት አታስደርጉ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ በቅንነት «እንዳይበላሽ ልሸፍንልህ» ይላችኋል። በሙቀት የተጣበቀ ፕላስቲክ ግን ወረቀቱን ሳይጎዳ አይላቀቅም። በ2013ቱ ቅየራ የቀሩት አሮጌዎቹ አሥር፣ ሃምሳና መቶ ብሮች በብዙ ቤት አሉ፤ እጥፋት የሌለው ካልሆነ ብዙ አትክፈሉ።

የሙዚቃ ሸክላ ውድ ሆኗል። ሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ግድም የሀገር ፍቅር ቴአትርን ብቸኛ ሸክላ የማሳተም መብት ተጋፍቶ ማሳተም ከጀመረ ወዲህ የወጡት ትንንሾቹ ሸክላዎች ዛሬ ውጭ አገር በዶላር ይፈለጋሉ፤ እዚህም ዋጋው ተከትሎ ወጣ። ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩ ያጫውትላችሁ። ቤት ስታስቀምጡ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ፤ ከተደራረበ ይጣመማል።

የጓደኛዬ የጎን ስብስብ ደግሞ ቆርኪ ነው። የቢራውም የለስላሳውም፣ በፊደላችን የተጻፈበትን ሁሉ። ግሮሰሪ አስተናጋጆች በነጻ ያጠራቅሙለታል። ዕጣው የወጣ ያለፈ ሎተሪም እንዲሁ በነጻ ይገኛል፤ ሥዕሎቹ ከቴምብር አያንሱም።

ማስቀመጫ፦ ከውጭ የሚመጣው የቴምብር አልበም ምርጥ ነው፣ ግን ለሁሉም ነገር መግዛት አይቻልም። ለፖስታና ለሎተሪ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ያለው ግልጽ ኪስ ያለው ክላሰር ይበቃል። ፕላስቲኩን ከመግዛታችሁ በፊት አሽትቱት፤ እንደ አዲስ የዝናብ ልብስ ጠንከር ያለ ሽታ ያለውና ለስላሳው ዓይነት ከጊዜ በኋላ ሳንቲምን አረንጓዴ ያደርጋል። ለሳንቲም የወረቀት ፖስታ ይሻላል።

የአክሱም ሳንቲም፣ የብራና መጽሐፍ ወይም ጥንታዊ መስቀል «በርካሽ» ከቀረበላችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ይጠብቃል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ወንጀል ነው። ከተቆፈረ ቦታ የወጣ ከሆነ ቦታው ሙዚየም እንጂ የእኛ መሳቢያ አይደለም።

ጭማሪ፦ «የተለጠፈ ቴምብር ያለበት ፖስታ ሳይቆረጥ እንዴት ይጸዳል?» ላላችሁኝ፣ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ብቻ፤ ውሃ አይነካውም። በ1950ዎቹ የድሬዳዋ ማኅተም ያለበት ሙሉ ፖስታ ያያችሁ ደግሞ ጠቁሙኝ፤ እስካሁን እየፈለግሁ ነው።