ጉልበቴ ሲሻለኝ የተረከዜ ጅማት መታመም ጀመረ
ለአምስት ወራት የቆየብኝን የጉልበት ሕመም ለማስታገስ በተረከዜ ማረፍን ትቼ በፊተኛው የእግሬ ክፍል እየረገጥኩ መሮጥ ከጀመርኩ ወዲህ፣ ጉልበቴ ቢሻለኝም ከተረከዜ በላይ ያለው ጅማት ጠዋት ከአልጋ ስነሳ ይገትረኛል፤ ስነካውም ያመኛል። ይህ አረጋገጥ ከጉልበት ላይ ያነሳውን ጫና ወደ ባትና ወደ ተረከዝ ጅማት እንደሚያዛውር የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። አሁን በየሁለት ቀኑ ተረከዜን በዝግታ ከፍና ዝቅ የማድረግ እንቅስቃሴ፣ 15 ጊዜ በ3 ዙር እሠራለሁ፤ ሩጫውን ፈጽሞ ለማቆም ግን ልቤ አልፈቀደም። ወደ ቀድሞው አረጋገጥ ተመልሼ፣ እርምጃዬን በማሳጠር በደቂቃ የምረግጠውን ብዛት ከ160 ወደ 170 ባደርስ ይሻላል ወይስ ስልቱን ሳልቀይር ርቀቱን ብቻ ልቀንስ? በተለይ በማግስቱ ጠዋት የሚሰማኝ ሕመም ምን ያህል ሲሆን ማረፍ እንዳለብኝ ብታስረዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ።