ውሃው ከገባበት በታች ቀዘቀዘብኝ፣ ፋይናይት ኤለመንት የምታውቁ እርዱኝ

የሜካኒካል ተማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ለመመረቂያ ጽሑፌ በሁለት ትይዩ ሳህኖች መሃል የሚፈስ ውሃ እንዴት እንደሚሞቅ ፌኒክስ በሚባለው የፋይናይት ኤለመንት (ቦታውን በትንንሽ ቁርጥራጮች ከፋፍሎ የሚያሰላ ዘዴ) ሶፍትዌር እየሠራሁ ነው። ክፍተቱ 1 ሳንቲሜትር፣ ርዝመቱ 50 ሳንቲሜትር፣ አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ 1 ሳንቲሜትር። ውሃው በ20 ዲግሪ ይገባል፣ ግድግዳው 60 ነው። ፍጥነቱ በደንብ ወጣ። ሙቀቱ ግን ከኖድ ኖድ (ከአንዱ የስሌት ነጥብ ወደ ሌላው) ይዘላል፣ መውጫው አካባቢማ 14 ዲግሪ ይላል! የሚያቀዘቅዝ ነገር በሌለበት ይሄ ከየት መጣ? ሜሹ (የቁርጥራጮቹ፣ ማለት የኤለመንቶቹ ስፋት) 1 ሚሊሜትር ነው። ሐሙስ አማካሪዬ ጋ እገባለሁ፣ እባካችሁ።

ቆየት ያልኩ ኮደር፦
የፔክሌት ቁጥርሽን አስይው፣ ሙቀቱን ፍሰቱ ከስርጭቱ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደሚወስደው የሚለካውን። ፍጥነቱን በኤለመንቱ ስፋት አባዢና ለውሃው የሙቀት ስርጭት እጥፍ አካፍዪ። የውሃ ስርጭት በሰከንድ 0.000000143 ካሬ ሜትር ገደማ ስለሆነ 35 ይወጣል። ተራው ጋለርኪን (ማረጋጊያ ያልተጨመረበት የፋይናይት ኤለመንት ስሌት) ይሄ ቁጥር ከ1 ሲያልፍ መወዛወዝ ይጀምራል። በሜሽ ብቻ ልፍታው ካልሽ ወደ 0.03 ሚሊሜትር መውረድ አለብሽ፣ ላፕቶፕሽ አይችለውም። ብሩክስና ሂውዝ በ1982 ያወጡትን፣ በፍሰቱ አቅጣጫ ብቻ ማረጋጊያ የሚጨምረውን ኤስዩፒጂ ጨምሪበት። ዝም ብለሽ በሁሉም አቅጣጫ ሰው ሠራሽ ስርጭት እንዳትጨምሪ ግን አደራ፤ ሥዕሉ ያምራል፣ ሙቀቱ ግን ከግድግዳው ወደ መሃል ከእውነተኛው ውሃ በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ይገባልና ውጤቱ የውሃ አይሆንም።

የሙቀት ሰው፦
ቆይ እህቴ፣ ኤስዩፒጂ ከመጻፍሽ በፊት አንድ ነገር ንገሪኝ። መውጫው ላይ ምን ሰጠሽ?

የሜካኒካል ተማሪዋ፦
50 ዲግሪ። በግምት።

የሙቀት ሰው፦
በቃ፣ ዋናው ችግር እሱ ነው። ውሃው ከላይ ይዞት የመጣው ሙቀት አለ፣ አንቺ ደግሞ በመጨረሻዋ ኤለመንት ላይ በግድ 50 ሁን አልሽው። ያ ዝላይ አንድ ኤለመንት ውስጥ ስለማይገባ ወደ ኋላ እያወዛወዘ ይመለሳል። ያንን የኮድ መስመር አጥፊው። በዊክ ፎርም (ፋይናይት ኤለመንት በሚፈታው የእኩልታው ቅርጽ) መውጫው ላይ ምንም ካልጻፍሽ በራሱ በስርጭት የሚያልፍ ሙቀት ዜሮ ይሆናል፣ ለዚህ ችግር የምትፈልጊውም እሱን ነው። መወዛወዝ ሳይ መጀመሪያ ባውንደሪውን (ጠርዝ ላይ የተሰጠውን ሁኔታ) ነው የምጠረጥረው፤ ቶሎ በኤስዩፒጂ ከሸፈንሽው ስህተቱ ውስጥ ይቀራል።

ቆየት ያልኩ ኮደር፦
ትክክል፣ እኔ መጠየቅ ነበረብኝ። ግፊቱም ከነጥብ ነጥብ ከፍ ዝቅ እያለ ዳማ ከመሰለብሽ ለፍጥነት ሁለተኛ ዲግሪ፣ ለግፊት አንደኛ ዲግሪ ፖሊኖሚያል ያለው ኤለመንት ተጠቀሚ፣ ቴይለር-ሁድ የሚባለውን።

የሜካኒካል ተማሪዋ፦
አጠፋሁት፣ 14 ዲግሪው ጠፋ!! አሁን መግቢያው ላይ ውሃው ግድግዳውን የሚነካበት ጥግ ብቻ 19.3 ይላል።

የሙቀት ሰው፦
እዚያ ከ20 ወደ 60 የሚዘለው እውነተኛ ዝላይ ነው። ጥጉ ላይ ሜሹን አጥብቢ፣ ኤስዩፒጂውንም አሁን ጨምሪው። ከዚያ ወደ መውጫው አካባቢ የኑሰልት ቁጥሩን (ሙቀት ከግድግዳው ወደ ውሃው ምን ያህል በደንብ እንደሚገባ የሚለካውን) አስይ። የክፍተቱን እጥፍ፣ 2 ሳንቲሜትር፣ እንደ ዲያሜትር ወስደሽ ለእንዲህ ዓይነት ሳህኖች የሚታወቀው 7.54 አጠገብ ከመጣልሽ ሐሙስ በልበ ሙሉነት ግቢ።