ዳርክ ሆርስን እንዳለ መግዛት ይሻላል ወይስ ሙስታንግ ጂቲን ራስ ማሻሻል?

ጥያቄ፦ ባለ ማኑዋሉ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

የተከበራችሁ የመኪና ወዳጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ከ2024 ሞዴል ጀምሮ የሚሸጠውን ሰባተኛ ትውልድ ፎርድ ሙስታንግ በማኑዋል ካምቢዮ ለመግዛት ከወሰንሁ ቆይቻለሁ፤ የትኛውን ዓይነት እንደምወስድ ግን መቁረጥ አቅቶኛል። አንዱ ፎርድ ራሱ በፋብሪካው አበርትቶ የሚያወጣው ዳርክ ሆርስ ሲሆን፣ ለገበያ ሲቀርብ ዋጋው ወደ 60 ሺህ ዶላር የተጠጋ ነበር። ሌላው መንገድ ጂቲ የሚባለውን ባለ ስምንት ሲሊንደር ሙስታንግ ከነፐርፎርማንስ ፓኬጁ (የፍሬንና የዲፈረንሻል ማሻሻያ ያለበት) ገዝቶ፣ በመካከል የሚተርፈውን ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ገንዘብ ቀስ በቀስ ለሞላ፣ ለሾክ አብዞርበር፣ ለኤግዞስትና ለመሳሰሉት ማዋል ነው።

በወረቀት ላይ ሲታይ ጂቲው 480 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ዳርክ ሆርሱ ደግሞ 500። ለ20 የፈረስ ጉልበት ይህን ያህል ገንዘብ መክፈል ሞኝነት ነው የሚሉኝ ጓደኞች አሉኝ፤ እኔ ግን የዋጋው ልዩነት በጉልበት ብቻ መለካቱ አልተዋጠልኝም።

ከዋጋው በላይ የሚከነክነኝ የመኪና ወዳጆች አመለካከት ነው። በምንሰበሰብባቸው ቦታዎች ደጋግሜ እንደታዘብሁት፣ አሮጌ ሙስታንግ ገዝቶ በገዛ እጁ የፈታና የገጠመ ሰው ኮፈኑን ሲከፍት ሁሉም ይከበዋል፤ ስለ እያንዳንዷ ብሎን ሳይቀር ይጠየቃል። ዳርክ ሆርስ ይዞ የመጣውን ግን «ጥሩ መኪና ነው፤ አንተስ ምን አደረግህበት?» ይሉትና፣ ቀለሙን ከመምረጥ በቀር ምንም እንዳላደረገ ሲናገር ወሬው እዚያው ይቆማል። ፋብሪካው ያሻሻለውን መኪና መግዛት በእርግጥ ይህን ያህል የሚያስንቅ ነገር ነው? መኪናውን በየቀኑ ወደ ሥራ የምነዳው ሲሆን፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ዌስት ቨርጂኒያ ወደሚገኘው ሰሚት ፖይንት የእሽቅድምድም ሜዳ ልወስደው አስባለሁ። የፋብሪካውን ዋስትና ማጣት አልፈልግም።

መልስ፦ የድሮ ብረት (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ወንድሜ፣ ይህ ክርክር ከሙስታንግ ጋር አብሮ የተወለደ ነው ማለት ይቻላል። መኪናው ገበያ ላይ በዋለ በማግስቱ፣ ለ1965 ሞዴል፣ ፎርድ በእሽቅድምድም ሜዳ ስም እንዲያገኝለት ፈልጎ ሥራውን የቀድሞ ተወዳዳሪና መኪና ሠሪ ለሆነው ለካሮል ሼልቢ ሰጠው። ለውድድሩ ምድብ ለመመዝገብ ቢያንስ 100 መኪና መሠራት ስለነበረበት፣ ሳን ሆዜ ከሚገኘው የፎርድ ፋብሪካ ነጫጭ ሙስታንጎች ወደ ሎስ አንጀለስ እየተላኩ በሼልቢ ሠራተኞች እጅ ይሻሻሉ ጀመር። የኋላ ወንበር ቀረ፤ ኮፈኑ በፋይበርግላስ ተተካ፤ የፊት እግሩ የላይኛው ክንድ የሚታሰርበት ቦታ ዝቅ ብሎ እንደ ገና ተበሳ፤ ኮኒ ሾክ አብዞርበር ተገጠመ፤ የ289 ኪዩቢክ ኢንች ሞተሩም ከ271 ወደ 306 የፈረስ ጉልበት ከፍ አለ። ዛሬ ሰው ሁሉ ባርኔጣውን የሚያወልቅለት ጂቲ 350 ማለት ይኸው ነው፤ ገዢው በገንዘቡ ከዲለር የወሰደው፣ አንድም ብሎን ያልፈታበት መኪና።

የገዢዎቹም ምላሽ ከዛሬው ብዙ አይለይም። ጩኸቱ፣ መንገጫገጩና የኋላ ወንበር ማጣቱ ለተራው ደንበኛ ስለከበደው፣ ለ1966 ወንበሩ በምርጫ ተመለሰ፣ ከነጭ ሌላ ቀለም መጣ፣ አውቶማቲክ ካምቢዮም ተጨመረ። ኸርትዝ የተባለው የመኪና አከራይ ድርጅት እንኳ 1 ሺህ ያህሉን ገዝቶ ማከራየት ያዘ፤ ቅዳሜ ተከራይቶ ሜዳ ላይ ሲጋልበው ሰንብቶ ሰኞ የሚመልስ ደንበኛ እንደነበር እስከ ዛሬ ይወራል። የሼልቢ ወዳጆች የ1965ቱን ከ1966ቱ እያስበለጡ እስከ አሁን የሚሟገቱት፣ የመጀመሪያው ያልለዘበ ነው በማለት ነው።

በሼቭሮሌት በኩል ያለው ታሪክ ደግሞ የበለጠ ያስቀኛል። የሼቭሮሌት ባለቤት ጄኔራል ሞተርስ እንደ ካማሮ ባሉ መኪኖች ላይ ከ400 ኪዩቢክ ኢንች የሚበልጥ ሞተር እንዳይገጠም ከልክሎ ሳለ፣ ዶን የንኮ የተባለ የፔንሲልቬንያ ዲለር ለታክሲና ለፖሊስ መኪኖች ልዩ ትእዛዝ ማስገቢያ ተብሎ የተዘጋጀውን፣ ኮፖ የሚባለውን የትእዛዝ መንገድ ተጠቅሞ በ1969 ባለ 427 ካማሮዎችን በቀጥታ ከፋብሪካ አስወጣ። በዚያው መንገድ ሙሉ የአልሙኒየም ሞተር ተገጥሞላቸው የወጡት፣ ዜድ ኤል 1 የሚባሉት፣ 69 ብቻ ናቸው። አሻሻዩ ማን ነው ቢባል፣ ዲለሩ ነው ወይስ ፋብሪካው? ድንበሩ ያኔም ቢሆን የጠራ አልነበረም።

ንቀቱ የሚገባው ሌላ ቦታ ነው። መርሰዲስ ኤኤምጂ ላይን፣ ቢኤምደብሊው ኤም ስፖርት፣ ህዩንዳይ ኤን ላይን እያሉ የሚሸጡት መኪኖች በአብዛኛው የድርጅቶቹን እውነተኛ ጉልበታም መኪኖች፣ የኤኤምጂን፣ የኤምን ወይም የኤንን፣ ፓራውልት፣ ቸርኬና መሪ እንጂ ሞተሩን አልወረሱም። ኤኤምጂ እኮ በ1967 ሁለት መሐንዲሶች ከመርሰዲስ ወጥተው ያቋቋሙት ሞተር አጎልባች ጋራዥ ነበር፤ ስሙ የመቀመጫ ጨርቅና የፓራውልት ጌጥ መሸጫ ሲሆን ማየት ያሳዝናል። ዳርክ ሆርስ ግን ከእነዚህ ጋር አይቆጠርም።

መልስ፦ ቢየላ (ሎስ አንጀለስ፣ ካሊፎርኒያ)

በመካኒክነት የምተዳደር ሰው ስለሆንሁ የእኔ መልስ ከኮፈኑ ሥር ይጀምራል። ወንድማችን 20 የፈረስ ጉልበት ያሉት ነገር የዳርክ ሆርስ ትንሹ ልዩነት ነው። የሞተሩ ቢየላዎች (ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚያገናኙት ዘንጎች) ሼልቢ ጂቲ 500 ከሚባለው ኃይለኛ ሙስታንግ የመጡ፣ በመቀጥቀጥ የተሠሩ ናቸው። ማኑዋል ካምቢዮው ትሬሜክ የተባለው ድርጅት ሥራ ነው፤ ጂቲው ላይ ያለው የሌላ ድርጅት፣ የጌትራግ፣ ስለሆነ ሁለቱ ከመሠረቱ የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። ተጨማሪ የሞተር ዘይት ማቀዝቀዣ፣ የዲፈረንሻል ማቀዝቀዣና ኃይለኛ የራዲያተር ፋን አለው፤ እንደ መንገዱ ጥንካሬውን የሚለዋውጠው ማግነራይድ ሾክ አብዞርበርም አብሮት ይመጣል። ጂቲው ከነፐርፎርማንስ ፓኬጁ ሲወሰድ ብሬምቦ ፍሬንና ቶርሰን ዲፈረንሻል ስለሚያገኝ፣ በፍሬንና በጎማ መያዝ በኩል ልዩነቱ ይጠባል፤ ተጨማሪ የሞተር ዘይት ማቀዝቀዣም ያገኛል፤ በሙቀት በኩል ግን ልዩነቱ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም።

በእሽቅድምድም ሜዳ ላይ መኪና የሚሸነፈው በሙቀት ነው። አውራ ጎዳና ላይ ጋዝ ለጥቂት ሰከንድ ረግጠው ይለቃሉ፤ ሜዳ ላይ ግን ሞተሩ ለ20 ደቂቃ ያህል ከከፍተኛ ዙር ሳይወርድ ይቆያል። ያን ጊዜ የሞተር ዘይቱ ይቀጥናል፤ የዲፈረንሻሉም ዘይት ይግላል፤ ኮምፒውተሩም ሞተሩን ለማዳን ሲል ጉልበት ይቀንሳል። ያ ሲሆን 480ውም 500ውም ወረቀት ላይ ይቀራሉ። እነዚህን ማቀዝቀዣዎችና ያንን ካምቢዮ በኋላ ለየብቻ ገዝተው፣ የሠራተኛ ዋጋ ከፍለው ልግጠም ቢሉ፣ ከሁለቱ መኪኖች የዋጋ ልዩነት በላይ ሊያወጡ ይችላሉ።

በሌላ በኩል ጓደኞችዎ የሚሉትም ፈጽሞ ከንቱ አይደለም። የፎርድ የማሻሻያ ዕቃ ክፍል ራሱ ለጂቲው የሚሸጠው ሱፐርቻርጀር (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ዋጋው ከ10 ሺህ ዶላር ትንሽ ከፍ ይላል፤ ጉልበቱን 800 ያደርሰዋል። በዲለር ወይም የሙያ ማረጋገጫ ባለው መካኒክ ከተገጠመ፣ ለ3 ዓመት ወይም ለ36 ሺህ ማይል የራሱ ዋስትና ይሰጠዋል። ቀጥ ባለ መንገድ ዳርክ ሆርስን አቧራ የሚያስቅመው መኪና በተመሳሳይ ገንዘብ ይገኛል ማለት ነው። ነገር ግን የተጨመረው 320 የፈረስ ጉልበት የሚያልፈው በዚያው በጂቲው ካምቢዮ፣ የሚቀዘቅዘውም በዚያው በጂቲው ራዲያተር ስለሆነ፣ ለሰሚት ፖይንት የምመክረው አይደለም።

ስለ ዋስትና ብዙ የተሳሳተ ወሬ አለ። በ1975 የወጣው የማግነሰን ሞስ ሕግ፣ አምራቹ የሌላ ድርጅት ዕቃ ስለተገጠመ ብቻ ዋስትናውን እንዳይሰርዝ ይከለክላል፤ ዕቃው ብልሽቱን ማምጣቱን ማሳየት ያለበት አምራቹ ነው። ሾክ አብዞርበር ቀይረው ሬዲዮዎ ቢበላሽ ሬዲዮው ዋስትና አለው። የሞተሩን ኮምፒውተር አስቀይረው ፒስተን ቢቀልጥ ግን ክርክሩን የማሸነፍ ዕድልዎ የመነመነ ነው።

ኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ ለፎርድ ያለኝን ቅሬታ ሳልናገር አላልፍም። የአዲሱ ሙስታንግ ኮምፒውተር በምስጠራ የተቆለፈ ስለሆነ፣ ትንንሾቹ አሻሻዮች እንደ ድሮው ገብተው ሊያስተካክሉት ይቸገራሉ፤ ፎርድ ግን ከራሱ ዕቃ ጋር የተዘጋጀውን ፕሮግራም ይሸጣል። በሩን ቆልፎ ቁልፉን መቸርቸር ይሉታል ይህንን። እዚህ ካሊፎርኒያ ደግሞ ከአየር ጥበቃ ቦርድ የፈቃድ ቁጥር የሌለው የሞተር ዕቃ የጭስ ምርመራ አያሳልፍም፤ ከ2021 ወዲህ ማሽኑ የኮምፒውተሩን ፕሮግራም እያነበበ የተነካካውን ስለሚለይ፣ የምርመራ ቀን የፋብሪካውን ዕቃ መልሶ ገጥሞ ማለፍ የሚባለው ዘዴ ብቻውን አያዋጣም። ለጭስ ሕግ የሚታዘዝ ሰው ከፋብሪካው ወይም ፈቃድ ካላቸው ጥቂት ድርጅቶች ዕቃ ውጭ ብዙ ምርጫ አልቀረለትም።

መልስ፦ ከፍታ (አውሮራ፣ ኮሎራዶ)

ከላይ በተባለው ላይ ስለ ሱፐርቻርጀር አንድ ነገር ልጨምር። ፋብሪካዎች የሚነግሩን የፈረስ ጉልበት ከባሕር ወለል እምብዛም ከፍ በማይል ቦታ ላለ አየር የተስተካከለ ነው። ሱፐርቻርጀርም ሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትር ከፍታ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። እኛ ያለንበት ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነ የዳርክ ሆርስ 500 እዚህ ሲደርስ ወደ 420 ይወርዳል፤ አዲስ አበባ ላይ፣ 2,350 ሜትር ገደማ፣ ሩብ ያህሉ በአየሩ ቅጥነት ይሄዳል። እንጦጦን በአሮጌ ቶዮታ የወጣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሱፐርቻርጀር አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ ይህን ኪሳራ በከፊል ይክሳል፤ የኮሎራዶ ወዳጆች ከፋብሪካው ልዩ መኪና ይልቅ ተራውን ወስደው ሱፐርቻርጀር መግጠም የሚያበዙት ከዚህ የተነሣ ነው እንጂ ፋብሪካውን ንቀው አይደለም። አሌክሳንድሪያ ከባሕር ወለል ብዙ ስለማትርቅ እርስዎ ሙሉውን 500 ያገኛሉ።

አንድ ቀን ወደ አገር ቤት ይዤው እገባለሁ የሚል ሐሳብ ካለዎት ደግሞ ይተዉት፤ ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ ኢትዮጵያ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክላለች።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ ባለ ማኑዋሉ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሙቀቱ ነገር ሐሳቤን ወደ ዳርክ ሆርስ አዘንብሎታል። ሁለት ነገር ቀረኝ። ዲለሩ የሃንድሊንግ ፓኬጁን፣ ማለትም ሰፋፊ ቸርኬዎችንና ፒሬሊ ትሮፌዮ አርኤስ ጎማዎችን እንድጨምር ይገፋፋኛል፤ ለየቀን መኪና ይሆናል? ኤግዞስቱን ብቻ በኋላ ብቀይርስ ለኢንሹራንስ መናገር ይኖርብኛል?

መልስ፦ ፖሊሲ (ዳላስ፣ ቴክሳስ)

ወንድሜ፣ የምሠራው በኢንሹራንስ ስለሆነ ሁለተኛውን ልመልስ። ከፋብሪካ ጋር የመጣ ነገር ሁሉ በመኪናው የሻንሲ ቁጥርና በዋጋ ወረቀቱ ስለሚታወቅ፣ ዳርክ ሆርስ በአደጋ ቢወድም ግምቱ በዳርክ ሆርስነቱ ይወጣለታል። በኋላ የገጠሙትን ዕቃ ግን ካላስመዘገቡት ድርጅቱ እንደሌለ ሊቆጥረው ይችላል፤ አንድ ሰው ጂቲ ላይ 15 ሺህ ዶላር አፍስሶ በተራ ጂቲ ዋጋ የሚካስበት ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ ይንገሩ፤ ደረሰኝዎን ያስቀምጡ፤ ብዙ ነገር የሚቀይሩ ከሆነ ደግሞ ዋጋው አስቀድሞ በስምምነት የሚወሰንበትን የውል ዓይነት ይጠይቁ። የወለቀውን ኤግዞስት አይጣሉት፤ ለመሸጥ ሲያስቡ አብዛኛው ገዢ የፋብሪካውን ይጠይቃል።

መልስ፦ ቢየላ (ሎስ አንጀለስ፣ ካሊፎርኒያ)

ትሮፌዮ አርኤስ ለሜዳ የተሠራ ጎማ ነው፤ ሲሞቅ መንገዱን ይነክሳል፣ በብርድና ውኃ በቋጠረ አስፋልት ላይ ግን አይታመንም፣ ቶሎም ያልቃል። የቨርጂኒያን ክረምት በእሱ ወደ ሥራ መመላለስ አደጋ ነው። ያለ ፓኬጁ የሚመጣውም ጎማ የበጋ ስለሆነ፣ ቅዝቃዜው ወደ 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ እየደነደነ ይሄዳል። ስለዚህ ዳርክ ሆርሱን ያለ ሃንድሊንግ ፓኬጁ ይውሰዱት፤ በሚተርፈው ገንዘብ ሁለተኛ ቸርኬ ከክረምት ጎማ ጋር ይግዙ። ለሜዳው ቀን ደግሞ ከመሄድዎ በፊት የፍሬን ዘይቱን ከፍተኛ ሙቀት በሚችል ዓይነት ያስቀይሩ፤ የፍሬን ሸራዎቹንም ውፍረት ያስለኩ። ሁለቱም ዋስትናዎን አይነኩም።